ጋሼን የሚያውቃቸው ማን ነው?

ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሻይ ስቀዳ አንዲት እናት ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ የምትቆም፣ ልጇ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር ሰው ዞር ብሎ ሳያየው ይዛው የምትወጣ ሴት ናት። ልጁ 17 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት፣ በአፉ አይናገርም፣ በቁመት እሷን በልጧታል።

«ኬር ላይ ነው የምትሠሪው ሲሉ ሰማሁ» አለችኝ፤ ሰው የመንከባከቡን ሥራ ማለቷ ነው። «18 ሲሞላው የሚኖርበት ቤት እንፈልግለት እያሉኝ ነው። እኔም ወገቤ አልቻለም። ሌሊት አይተኛም፣ ታናሽ እህቱም ፈተና አለባት። ግን እህቴ፣ ጥሩው ቤት ከመጥፎው በምን ይለያል? ሲያሳዩኝ ሁሉም ንጹሕ ነው።»

ቆመው የሚመልሱት ጥያቄ አልነበረም። ማታ ደወልኩላትና ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኳት ሁሉ እየመጣብኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እዚህ የምጽፈው እሱን ነው። ለእሷም፣ እንደሷ ልጃቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ለሚቆሙ ወላጆችም፣ እንደኔ እዚህ እንግሊዝ አገር ኬር ላይ ለምትሠሩ እህትና ወንድሞቼም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራውን የጀመርኩት በ2011 ጁን ላይ ነው። ያኔ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዊንተርቦርን ቪው ነበር። ከብሪስቶል ወጣ ብሎ ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች ይታከሙበታል ይባል ነበር። አንድ ጋዜጠኛ ድብቅ ካሜራ ይዞ፣ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጥሮ ገባ። ሜይ 31 ቀን ቢቢሲ በፓኖራማ ፕሮግራሙ ያሳየውን ያየ ሰው አይረሳውም፤ ሰዎቹ ይመታሉ፣ ወለል ላይ ተጥለው ወንበር ይጫንባቸዋል፣ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሻወር ውስጥ ይከተታሉ። ለዚህ ለአንድ ሰው በሳምንት በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈል ነበር። እዚያው ይሠራ የነበረ አንድ ነርስ አስቀድሞ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ለሲኪውሲ፣ አሳውቆ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም። በኋላ በ2012 አሥራ አንድ ሠራተኞች ተፈረደባቸው፣ ከእነሱም ስድስቱ እስር ቤት ገቡ።

የመጀመሪያ ቀን ሥልጠናችን ላይ ያንን ፊልም አሳዩን። አጠገቤ የተቀመጠች የኛው አገር ልጅ እያለቀሰች ወጣች፤ በማግስቱም አልተመለሰችም። እኔ ቀረሁ። ያኔ የመሰለኝ ክፉ ሰው እስካልገባ ድረስ ቤቱ ደህና ይሆናል ነበር። አሥራ አራት ዓመት ስሠራ ክፉ ሰው አላየሁም አልልም። ግን ብዙውን ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ክፉ ሰው አይደለም፤ ደግ ሆኖ የማያውቅ ሰው ነው። ሰውዬውን የማያውቅ ማለቴ ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው።

ስማቸው የራሳቸው ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ በፊታቸውም ቢሆን እንደዚያው ነው የምጠራቸው፣ ሲሰሙም ዞር ይላሉ። 62 ዓመታቸው ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለባቸው፣ የሚኖሩትም እኔ በምሠራበት ቤት ነው። አይናገሩም። አንቱ እያልኩ የምጽፈው ልማድ ይዞኝ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው አንተና አንቱ አይለይም፤ እሱ ባልከፋ፣ ግን ሠራተኛው ሾርባቸውን ሲጨርሱ «ጉድ ቦይ!» ይላቸዋል። ጎበዝ ልጅ! እኛ ሰፈር ጺሙ የሸበተን ሰው ማን ደፍሮ ጎበዝ ልጅ ይለዋል? እዚያ ቤት ከገባሁ በኋላ መጀመሪያ የተጣላሁት ከዚህ ቃል ጋር ነው። ሰውን እንደ ሕፃን የጠራ አፍ፣ እጁም እንደ ሕፃን ይይዘዋል። ሳያንኳኳ ክፍሉ ይገባል፣ ሳይጠይቅ ሱሪውን ያወልቃል።

ጋሼ በ1969፣ በስድስት ዓመታቸው ነው ሆስፒታል የገቡት። ታመው አልነበረም። ያኔ እንደሳቸው ያለ ልጅ ሲወለድ ሐኪሙ እናትየውን «ስጪና እርሺው፣ ሌላ ውለጂ» ይላት ነበር። በዚያው ዓመት ካርዲፍ ውስጥ ኢሊ በሚባል ሆስፒታል ሕሙማን ሲንገላቱ እንደኖሩ የሚያጋልጥ የምርመራ ሪፖርት ወጥቶ መንግሥትም ሕዝብም ደንግጧል። ግን ድንጋጤ በር አይከፍትም። በ1970 ሕግ እስኪወጣ ድረስ እንደ ጋሼ ያሉ ልጆች መማር አይችሉም ተብለው ከትምህርት ቤት ውጭ ነበሩ። ጋሼ ከዚያ ግቢ የወጡት በ1991 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ትልቅ ክፍል ውስጥ፣ አልጋ ከአልጋ ጋር ተደርድሮ።

ይህን ታሪክ ከፋይላቸው ከማንበቤ በፊት ያነበብኩት ከአበላላቸው ነው። ግራ ክንዳቸውን በሳሕኑ ዙሪያ ያጥሩታል። አያላምጡም፣ ይውጣሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ አለቀ። ዳቦ ካለ ኪሳቸው ይገባል። በዚያ ትልቅ ክፍል ውስጥ ቶሎ ያልበላ ሰው ይቀማ ነበር፤ ሰውነታቸው ከሠላሳ ዓመት በኋላም ይህን አልረሳም። አደጋ አለው፤ በእንዲህ ዓይነት አበላል ታንቀው የሞቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። የአዋዋጥ ባለሙያዋ አይታቸው ምግባቸው ለስላሳ ሆኖ በትንንሹ ተቆርጦ ይቅረብ ብላ ጽፋለች። ወረቀቱ ኩሽና ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ግን ወረቀት አብሮ አይበላም። አዲስ ሰው ጥብስ ዳቦ አስቀምጦ ስልክ ሊያነሳ ዞር ይላል።

እኔ ምሳዬን ከቤት ይዤ እየመጣሁ አጠገባቸው መብላት ጀመርኩ። በደንቡ የተጻፈ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሰው እየበላ ቆሞ ማየት ነውር ስለሆነ ብቻ ነው፤ ክሊፕቦርድ ይዤ እላያቸው ላይ መቆም አቃተኝ። ቀስ ብዬ እጎርሳለሁ፣ ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ፣ ያዩኛል። ስምንት ወር ገደማ ፈጀ። አንድ ሐሙስ ቀን ክንዳቸው ከሳሕኑ ዙሪያ ተነስቶ ጭናቸው ላይ አረፈ። ሌላ ቀን ደግሞ ከኪሳቸው የተጨማደደች ዳቦ አውጥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። ፈተፈት እንደማጉረስ ነው የቆጠርኩት። በላኋት።

አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ።

በ2022 ለፋሲካ አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ ከኮቪድ በፊት ጀምሮ እናቴን አላየኋትም ነበር። ያ ዓመት ኬር ውስጥ ሰው የጠፋበት ዓመት ነው። በእንግሊዝ ብቻ 165,000 ገደማ ክፍት የሥራ ቦታ ተቆጥሯል። በሰዓት 9 ፓውንድ ከ50 ሱፐርማርኬት ውስጥም ይገኛል፣ እዚያ ደግሞ ሰው ይሞትብኛል የሚል ጭንቀት የለም። ከኛ ቤት ሦስት ነባር ሠራተኞች በተከታታይ ለቀቁ፤ ሺፍቱ በኤጀንሲ ሰው ይሞላ ነበር። ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው።

የተመለስኩ ዕለት የማታ ሺፍት ነበረኝ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ሻያቸው ፊታቸው ቀዝቅዞ ሽፋን ሠርቷል። ስድስት ዓመት ሳውቃቸው ሻይ ሲተዉ አይቼ አላውቅም። የግራ ጆሯቸው በመዳፋቸው ከመምታታቸው የተነሳ ቀልቶ አብጧል። ዓይናቸው ፈዟል።

ሥራ ያስረከበኝ ልጅ ደግ ልጅ ነበር፤ ገና ሦስተኛ ሺፍቱ ነው። «ሰሞኑን ቢሄቪየር አለባቸው። ፒአርኤን እየሰጠን ነው» አለኝ። ቢሄቪየር የሚሉት አስቸጋሪ ጠባይን ነው፤ ፒአርኤን የምንለው ደግሞ ሲያስፈልግ ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ የጋሼ የሚያረጋጋ፣ ሎራዜፓም ነው። በደህናው ጊዜ በዓመት ሁለቴ ቢሰጥ ነው። መዝገቡን ስገልጥ በአራት ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ ተሰጥቷል። እያንዳንዱ ፊርማ ትክክል ነው፣ ሰዓቱም ትክክል ነው።

ቀጥዬ የሆድ መዝገቡን ከፈትኩ። እኛ ቤት እያንዳንዱ ሰው መቼ እንደተጸዳዳ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ ከ1 እስከ 7 በሚሄደው የብሪስቶል ሰንጠረዥ እየታየ ይጻፋል። ስለ ሰገራ በአደባባይ መጻፍ ለኛ ሰው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ሰው የሚሞትበት ነገር ስለሆነ እጽፈዋለሁ። ስድስት ቀን። አራቱ ሳጥን ላይ «አልታየም» ተብሎ በአራት የተለያየ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። የጻፉት ሰዎች አልዋሹም። እያንዳንዱ የመጣው ለአንድ ቀን ነው፣ ያየውም አንድ ቀን ነው። ስድስቱን ቀን ያየ ሰው አልነበረም።

ፈቃድ ጠይቄ ሆዳቸው ላይ እጄን አሳረፍኩ። እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አምቡላንስ ጠራሁ።

ሆስፒታል ወጣቷ ሐኪም የጠየቀችኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «ጆሮ መምታት የተለመደ ጠባያቸው ነው?» የሚል ነበር። ጥፋቷ አይደለም፣ ሁሉም እንደዚያ ይጠይቃል፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ሲታመም በሽታውን ከጠባዩ ይቆጥሩበታል። «ጠባይ አይደለም፣ ሲያማቸው ነው የሚመቱት» አልኳት። «ጆሯቸውን ይመታሉ እንጂ የሚያማቸው ጆሯቸው አይደለም። በ2018 ጥርሳቸው ነበር። በ2020 የሽንት ኢንፌክሽን ነበር። ሻይ ከተዉ ደግሞ ሕመሙ ከባድ ነው ማለት ነው።» ቀና ብላ አየችኝ፣ ጻፈችው፣ ኤክስሬይ አዘዘች። አንጀታቸው በደረቀ ሰገራ ተዘግቶ ነበር። አራት ቀን ተኝተው ወጡ።

በ2012 ሰፎክ ውስጥ ዳውን ሲንድረም ያለበት አንድ የ33 ዓመት ሰው በዚሁ ነገር ሞቷል፤ ከአንጀቱ የወጣው 10 ኪሎ ነበር። እንግሊዝ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው ከሌላው ሰው ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ይሞታል፤ ከሞቱም ቀላል የማይባለው በጊዜው ቢታይ የሚቀር ነው። ለጠባይ ተብለው የሚሰጡት አብዛኞቹ የአእምሮ መድኃኒቶች ራሳቸው ሆድ ያደርቃሉ። እና ሰውዬው ያመዋል፣ ሲያመው ራሱን ይመታል፣ ስለመታ መድኃኒት ይጨመርለታል፣ መድኃኒቱ የባሰ ያደርቀዋል። የጤና ባለሥልጣናት በ2015 እንደገመቱት ከ30,000 እስከ 35,000 የሚደርሱ እንዲህ ያሉ አዋቂዎች ያለ ተገቢ ምርመራ በየቀኑ እነዚህን መድኃኒቶች ይወስዱ ነበር። በ2016 ኦሊቨር ማክጎዋን የሚባል ኦቲዝም የነበረበት የ18 ዓመት ወጣት እሱም ወላጆቹም አይሰጠው እያሉ የአእምሮ መድኃኒት ተሰጥቶት ሞተ። ዛሬ በእንግሊዝ ለጤናና ለኬር ሠራተኞች ስለ አእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም የሚሰጠው ሥልጠና በስሙ የተሰየመው ለዚህ ነው። እኔም ወስጄዋለሁ። ሥልጠናውን ወስደን ስንወጣ አንዷ ባልደረባዬ «እናቱኮ ነግራቸው ነበር» ብላ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ጋሼ ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ቤታችን መግቢያ ላይ በሲኪውሲ የተሰጠ «ጉድ» (በእንግሊዝኛ ጥሩ ማለት ነው) የሚል የደረጃ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። የሐሰት ወረቀት አይደለም። ተቆጣጣሪዎቹ ቤቱ ደህንነቱ የተጠበቀ ነው ወይ፣ ውጤታማ ነው ወይ፣ ይሳሳል ወይ፣ የሰውን ፍላጎት ይመልሳል ወይ፣ አመራሩ ደህና ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን በመጡበት ቀን ያለውን ነው የሚያዩት፣ የመጡትም ከዚያ በፊት ነው። በ2019 ፓኖራማ እንደገና በድብቅ ካሜራ ደረም ውስጥ ዎርልተን ሆል የሚባለውን ሆስፒታል ሲያሳይ፣ ያም ቦታ ደረጃው «ጉድ» ነበር። ከዊንተርቦርን ስምንት ዓመት በኋላ! መንግሥት በ2012 እንዲህ ያሉ ሆስፒታሎች ውስጥ ያለ ቦታቸው የተቀመጡ ሰዎች እስከ ጁን 2014 ይወጣሉ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ቀኑ አለፈ፣ ሌላ ቀን ተቀጠረ፣ እሱም አለፈ። ዛሬም ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች እዚያው ናቸው። ሌሊት ሌሊት ይህን ቁጥር አስባለሁ። ቤት የሚያስፈልገው ሰው ቤት ስላልተገኘለት ብቻ ተቆልፎበት ይኖራል።

የሆነውን በሙሉ ጽፌ ለሜኔጀሬ ሰጠሁ። «ሠራተኞቹን ታስደነግጫቸዋለሽ፣ ኤጀንሲው ሰው መላክ ያቆምብናል» ተባልኩ። ለሁለት ወር ኦቨርታይም አላገኘሁም። ለካውንስሉ፣ ለአካባቢው አስተዳደር ማለት ነው፣ ሰዎችን ከጉዳት ለሚጠብቀው የሴፍጋርዲንግ ክፍል ስልክ ደወልኩ። በሥራዬ በጣም የፈራሁበት ቀን ያ ነው፤ ብሪቲሽ ፓስፖርት ይዤ እንኳን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቪዛው በአሠሪው ስም የሆነች ልጅ እንዴት እንደምትፈራ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይገባኛል። ከ2022 በኋላ በኬር ቪዛ ስንት ሰው ዕዳ ተሸክሞ እንደመጣ እናውቃለን። እንደዚያ ያለሽ እህቴ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ሕጉ ለጠቆመ ሠራተኛ ከለላ ይሰጣል፤ ስምሽን ሳትናገሪም ለሲኪውሲ መደወል ይቻላል። ለኤጀንሲሽ ከመናገርሽ በፊት ያየሽውን ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈሽ ያዢ። የሰዎቹን ፋይል ፎቶ አንስተሽ ግን እንዳትወጪ።

የካውንስሉ ሰዎች መጡ። ከዚያ በኋላ የተለወጠው ሦስት ነገር ነው፣ ሦስቱም ገንዘብ የሚጠይቁ አልነበሩም ማለት ይቻላል። የሆድ መዝገቡ የሳምንቱ በአንድ ገጽ ሆነ፤ ሦስት ቀን ባዶ ከሆነ ሺፍቱን የሚመራው ሰው ለጂፒ፣ ለሠፈሩ ሐኪም፣ ይደውላል። ፒአርኤን ከመሰጠቱ በፊት ጋሼን ለሚያውቅ ሰው ይደወላል፣ በእረፍት ቀኔም ቢሆን ለኔ። ኤጀንሲም ካስፈለገ ያው የምናውቃቸው አራት ሰዎች ብቻ ናቸው የሚመጡት። ሜኔጀሩ በኋላ ለቀቀ።

እና ለዚያች እናት ያልኳት ይህን ነው። ቤቱን ማክሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓት ሊያሳዩሽ ይቀጥሩሻል። እሺ በያቸው፣ ሂጂ። ከዚያ ደግሞ እሑድ ማታ፣ እራት ሲቀርብ ተመልሰሽ ሂጂ። ሜኔጀሯ እሑድ የለችም፣ ያሉት ከልጅሽ ጋር የሚያድሩት ሰዎች ናቸው። ስንት ጊዜ እዚህ ሠርተሻል ብለሽ እያንዳንዳቸውን ጠይቂ። ሁሉም «ሁለት ወር፣ አንድ ወር» ካሉሽ ቀለሙን አትይ፣ ሶፋውን አትይ። ነዋሪዎቹን እያሳየሽ «ይሄ ሲያመው በምን ታውቂያለሽ?» በይ። ፋይሉን ሳትገልጥ የምትመልስ ልጅ ካገኘሽ እዚያ ትንሽ ቁጭ በይ።

ስለ ሌሊቱ ጠይቂ። ልጅሽ ሌሊት አይተኛም፤ ብዙ ቤት ደግሞ ሠራተኛው «ስሊፕ ኢን» ነው፣ ይተኛል። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለተኛበት ሰዓት ዝቅተኛውን የሰዓት ደመወዝ መክፈል ግዴታ አይደለም ብሎ ከፈረደ ወዲህ ስሊፕ ኢን ለድርጅቱ ርካሽ ነው። ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈልገዋል በይ፣ በእንክብካቤ ፕላኑ ላይም ይጻፍ።

የሚጥል በሽታ አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለች። አለበት፤ ጠበል ይዛው ስትሄድ መድኃኒቱን ያቋረጠችባቸው ጊዜያት ነበሩ። ጠበሉን እኔም አምናለሁ፣ በእግዚአብሔርና በእሷ መካከል አልገባም። መድኃኒቱ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ ለመንኳት። የሚታጠብበትን ነገር ደግሞ ደጋግሜ ነው የነገርኳት። በ2013 ኦክስፎርድ ውስጥ ኦቲዝምና የሚጥል በሽታ የነበረበት የ18 ዓመት ልጅ የሕክምና ማዕከል ውስጥ ሆኖ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ብቻውን ተትቶ ሞተ። እናቱ በዚያ ሰሞን ሳይጥለው አልቀረም ብላ ነግራቸው ነበር። የሞት ምርመራው ጁሪ ቸልተኝነት አስተዋጽኦ እንዳደረገ በየነ። ልጁ ሞቶ ሲያልቅ ነው እናት ትክክል ነበረች የተባለው። ስለዚህ በፕላኑ የመጀመሪያ ገጽ፣ በትልቁ ይጻፍ፤ ሲታጠብ ሰው አጠገቡ ይኖራል።

«ርቀቱስ?» አለችኝ። ሦስት ሰዓት በባቡር የሚያስኬድ ቦታ ጠቁመዋት ነበር። እዚህ ላይ ከባድ ነኝ፤ አትፈርሚ አልኳት። ዊንተርቦርን ከነበሩት ብዙዎቹ ቤተሰባቸው ሩቅ ነበር። በየጊዜው ሳይነግር ብቅ የሚል ዘመድ ያለው ሰው ሌላ ነው፤ ሠራተኛውም ይህን ያውቃል።

የቋንቋውን ነገር እሷ ናት ያነሳችው፣ እኔም ከሷ ተማርኩ። ልጁ አይናገርም እንጂ ይሰማል፤ የሚሰማው ግን አማርኛ ነው። «ና»፣ «በቃ»፣ «ጫማህን»፣ «ቆይ እሺ» ሲባል ይታዘዛል። አንዲት ባለሙያ መጥታ በእንግሊዝኛ «ቁጭ በል» ብትለው ዝም ብሎ አያት፤ «ትእዛዝ አይረዳም» ብላ ጻፈች። ያ ዓረፍተ ነገር ከፋይል ወደ ፋይል እየተገለበጠ ልጁ 17 ዓመት ሞላው። ደህና ሰው የሆነ፣ አማርኛ የሚረዳ ልጅ፣ በወረቀት ላይ ምንም የማይገባው ሆኖ። አስተርጓሚ ይኑር ብላ መጠየቅ እንደምትችል አታውቅም ነበር።

እኔ ያደግኩበት ሰፈር አንድ ጓሮ ክፍል ውስጥ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ልጅ ነበር። ወደዚያ እንዳንሄድ ይነገረን ነበር እንጂ ማን እንደሆነ አይነገረንም። እናቱ ክፉ አልነበሩም፤ በገበያ ቀን እንኳን ሮጠው ነበር የሚመለሱት። የሚተካቸው ሰው ስላልነበረ ነው። በ2002 ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በልጃቸው ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ስንት እናት እንደዚያ ካለ ጓሮ ልጇን ይዛ እንደወጣች አስባለሁ። እሳቸውም በ2021 አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አገር ቤት እናት ናት ቤቱ። እዚህ ደግሞ ቤቱ አለ። በሁለቱም ቦታ እናቶች ማታ ማታ የሚያስቡት ግን አንድ ነገር ነው፤ «እኔ ስሞትስ?»

ትናንት ቤቷ ሄድኩ። ቡና አፈላች። ልጁ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ የመጋረጃውን ጫፍ በጣቶቹ መካከል ያሽከረክር ነበር። ስለ ልጁ የሚተርክ አንድ ገጽ ልንጽፍ ነው የተቀመጥነው፤ እሷ በአማርኛ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ በኋላ በእንግሊዝኛ እናደርገዋለን። «ውሃ ሲፈልግ ብርጭቆ አያመጣም፣ ቧንቧው ስር ሄዶ ይቆማል።» ጻፍኩ። «ሽሮ ይወዳል፤ ሽንኩርቱ ከታየው ግን አይነካውም።» ጻፍኩ። «ሊፍት ይፈራል። አውቶቡስ ላይ ፎቅ፣ ከፊት።» ጻፍኩ። «ማሬ ሲሉት ይመጣል።» ማሬን በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደሚነበብ አድርጌ ጻፍኩት፤ የማያውቅ ሰው እንዲጠራው።

«ሲያመው በምን ይታወቃል?» አልኳት።

«እጄን ይይዝና ያመመው ቦታ ላይ ያስቀምጠዋል» አለችኝ።

«የሌላ ሰው እጅስ ይይዛል?»

ልጁን አየችው። «አላውቅም» አለች። «እስካሁን ሌላ እጅ አልነበረም።»

ቡናውን ጠጥተን ስንጨርስ አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ፤ እጄንም እሱ በሚያየው ቦታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። አልያዘውም። ሐሙስ እንደገና እሄዳለሁ።